«ሲቲው ደህና ነው»፦ በመንዝ የአንዲት እናት የፕሪዮን ሕመም፣ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ አንዲት የ63 ዓመት እናት ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሚዛናቸውን፣ አእምሯቸውንና ንግግራቸውን በየተራ አጥተው አረፉ። በዚህ መሀል የደም ምርመራ፣ ሲቲ ስካንና የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ ተደርጎላቸው ሁሉም «ደህና ነው» ተብሏል። የሕመሙ ስም ክሮይትስፌልት-ያኮብ ነው። ቅርጹን የሳተ የአንጎል ፕሮቲን ከሚያመጣቸው፣ በሰው ላይ ከሚታዩት የፕሪዮን ሕመሞች በብዛት የሚገኘው እሱ ሲሆን፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይይዛል።

ጉዳዩ የተመዘገበው ስለ ብርቅነቱ አይደለም። ውጤቱ ሁሉ ደህና እየተባለ ሕመምተኛዋ ለምን እንደባሰባቸው መልስ አለው፤ መልሱም የነርቭ ሕዋሶች እርስ በርስ መልእክት በሚቀባበሉበት መገናኛ፣ በሲናፕስ ላይ ይገኛል። ሕዋሱ ከመሞቱ አስቀድሞ መገናኛው ይጠፋል። ይህን ቅደም ተከተል የሚያውቅ ባለሙያ የትኛውን ምርመራ ቀድሞ እንደሚያዝና የትኛውን «ደህና» ማመን እንደሌለበት ያውቃል። ማንነታቸው እንዳይለይ ዕድሜያቸው፣ ወራቱና አንዳንድ የቤተሰብ ዝርዝር በጥቂቱ ተለውጧል።

የሕመሙ አካሄድ

እናትየዋ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ለባና ሸማኔዎች የሚያቀርቡ ነበሩ። የመጀመሪያው ምልክት መርሳት አልነበረም። ልጃቸው ለሐኪሙ የነገረችው እንዲህ ነው፦ «እምዬ ፈትሉ እየተበጠሰባት ጥላው ትነሳለች። ድሮ ቁጭ ካለች እንዝርቷን ሳትይዝ አትውልም፤ አሁን ዝም ብላ ትቀመጣለች።» ይህ በኅዳር ነው።

በታኅሣሥ ከገበያ ሲመለሱ የኖሩበትን መንገድ ሳቱ። ዕቃው ተጣሞ፣ የሰው ፊት ተለውጦ እንደሚታያቸው ይናገሩ ጀመር። በጥር ሲራመዱ እግራቸውን አራርቀው ይወላገዱ ነበር። በጥር መጨረሻ ደግሞ በር ሲንኳኳ ወይም ሰሃን ሲወድቅ መላ ሰውነታቸው በድንገት ይንዘረዘራል፤ ድምፁ ባይኖርም እጃቸው በየመሀሉ ብድግ ይላል። በየካቲት ሌሊቱን ሳይተኙ ያድሩ ነበር፤ የሞቱ ዘመዶቻቸውን ያነጋግራሉ። በመጋቢት ያለ ሰው ድጋፍ መብላት አልቻሉም። በሚያዝያ ዓይናቸው ክፍት ሆኖ ንግግራቸው ተቋረጠ።

ቤተሰቡ በጥር ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ወስዷቸው ነበር። በዚህ ጉዳይ ጠበሉ ያዘገየው ነገር የለም፤ እንዲያውም መንዘርዘሩ የሚመጣው በድምፅ ተቀስቅሶ መሆኑን በደንብ ያስተዋለችው እዚያ አብራቸው የሰነበተችው የእህታቸው ልጅ ናት። ይህ ምስክርነት ኋላ ላይ ለምርመራው ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው

በቅድሚያ የታሰበው የአእምሮ ሕመም ነበር። በዚያ ግምት ሃሎፔሪዶል የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ተሰጣቸው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰውነታቸው ግትር አለ፣ መዋጥም ከበዳቸው። ቀጥሎ ስትሮክ ተጠረጠረና ሲቲ ስካን ታዘዘ። ሲቲው ከዕድሜያቸው ጋር የሚሄድ መጠነኛ የአንጎል መሟሸሽ ብቻ አሳየ። ቤተሰቡ ገንዘብ አሰባስቦ፣ በጣርማበር ብርድ ሕመምተኛ አሳፍሮ ደብረ ብርሃን ወርዶ ያገኘው መልስ «ምንም የለም» የሚል ሆነ። እንዲህ ያለ ቃል ለቤተሰብ ከባድ ነው፤ ሕመምተኛዋ እያስመሰሉ ነው ወይም ነገሩ የሐኪም አይደለም የሚል ድምዳሜ ያስከትላል።

ጓያም ተነሥቶ ነበር፤ በአካባቢው ስለሚበላ ጥያቄው ተገቢ ነው። ጓያ ግን እግርን አግትሮ ያሽመደምዳል እንጂ አእምሮን አይነካም፤ በድምፅ የሚቀሰቀስ መንዘርዘርም አያመጣም። ስለዚህ በታሪካቸውና በምርመራው ቶሎ ወደ ጎን ተደረገ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በየካቲት ሕመምተኛዋን የተረከበው ቡድን አንድ ደንብ ይዞ ተነሣ፦ አእምሮ በወራት ውስጥ ሲፈርስ በመጀመሪያ የሚፈለገው ሊድን የሚችለው ምክንያት ነው። የፕሪዮን ሕመም መድኃኒት የለውም። ከእሱ ጋር ከሚመሳሰሉት ውስጥ ግን ብዙዎቹ ይድናሉ።

በዚህ መሠረት ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ቫይታሚን ቢ12፣ የጉበትና የኩላሊት ሥራ፣ ሶዲየምና ካልሲየም፣ የደም ስኳር ታዩ። ከጀርባ የተወሰደው ፈሳሽ የሕዋስ ቁጥሩ ከ5 በታች፣ ስኳሩ ትክክለኛ፣ ፕሮቲኑ በጥቂቱ ከፍ ያለ ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራው ነፃ ሆነ። በፕሪዮን ሕመም የጀርባ ፈሳሽ እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው። የሕዋስ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ ኖሮ ሐሳቡን ወደ ኢንፌክሽን ወይም ወደ አንጎል ብግነት ማዞር ይገባ ነበር።

ሰውነት ራሱ በራሱ ላይ ተነሥቶ የሚያስከትለው የአንጎል ብግነት ግን በፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ሊጣራ አልቻለም። ስለዚህ ሙከራ ተደረገ፦ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) በቀን 1 ግራም በደም ሥር ለ5 ቀን። ከዚያ በፊት ለአንጀት ትል ኢቨርሜክቲን በኪሎ 200 ማይክሮግራም ተሰጠ፤ ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል በስቴሮይድ ሥር ሲፈነዳ ሰው ይገድላልና ይህ የማይታለፍ ነው። የደረት ራጅም ታየ። ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) 500 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ በደም ሥር ተሰጠ፤ ግሉኮስ የተሰቀለው ከእሱ በኋላ ነው። በስቴሮይዱ ቀናት የደም ስኳር በየ6 ሰዓቱ ተለካ። ለውጥ አልመጣም። ለውጥ አለመምጣቱም ራሱ መረጃ ነው፤ ሙከራው ባይደረግ ቤተሰቡም ሐኪሙም ዕድሜ ልክ «ይድን ኖሮ ቢሆንስ?» እያሉ ይኖሩ ነበር።

የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው ኢኢጂ ሁለት ጊዜ ተነሣ። የመጀመሪያው የአንጎል ሞገድ መዘግየትን ብቻ አሳየ። ሁለተኛው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ የተነሣው፣ በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ ገደማ የሚደጋገም ሹል ሞገድ አወጣ። ይህ ምልክት የሚታየው ከሕመምተኞቹ በሁለት ሦስተኛው ገደማ ሲሆን ብዙ ጊዜም ዘግይቶ ነው፤ በአንድ ኢኢጂ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ዲያዜፓምና መሰሎቹ ሞገዱን ሊደብቁት ስለሚችሉ የተወሰዱት መድኃኒቶች ስምና ሰዓት በማዘዣው ላይ መጻፍ አለበት።

ቁልፉን የከፈተው አዲስ አበባ የተነሣው ኤምአርአይ ነው። ማዘዣው «የአንጎል ኤምአርአይ» ብቻ አይልም ነበር። «ዲፊዩዥን ከኤዲሲ ካርታ ጋር፣ እንዲሁም ፍሌር፤ ጥያቄው ክሮይትስፌልት-ያኮብ ነው፤ የአንጎሉ ቅርፊት፣ ኮዴት፣ ፑታሜንና ታላመስ ይታዩልን» ተብሎ ተጽፎበታል። ዲፊዩዥን የውኃን እንቅስቃሴ የሚለካ የኤምአርአይ ዓይነት ነው፤ ኤዲሲ ካርታው ውኃው የታገተበትን ቦታ አጥቁሮ ያሳያል፤ ፍሌር ሌላ የፎቶ ዓይነት ነው፤ ኮዴት፣ ፑታሜንና ታላመስ በአንጎሉ ውስጥ ጠልቀው የሚገኙ ክፍሎች ናቸው። ንጥረ ማጉያ መርፌ ለዚህ ጥያቄ አያስፈልግም፤ የማግኔት ኃይሉ 1.5 ቴስላ የሆነ መሣሪያም ይበቃል። በፎቶው ላይ የኋለኛውና የጎን ቅርፊቱ እንደ ነጭ ጥብጣብ አብርቶ፣ ሁለቱም ኮዴቶች ደምቀው ታዩ። ኤዲሲው በዚያው ቦታ ጠቁሯል። ተደጋጋሚ የሚጥል በሽታም ቅርፊቱን ሊያበራ ስለሚችል ውጤቱ ከኢኢጂው ጋር ተያይዞ ተነበበ።

ፈጥኖ የሚብስ የአእምሮ መፍረስ፣ ከእሱም ጋር መንዘርዘር፣ የእይታና የሚዛን መዛባት፣ የሰውነት መገተር፣ በመጨረሻም ዝምታ ሲደመሩ፣ ኢኢጂውና ኤምአርአዩ ሲታከሉ፣ በዓለም አቀፉ መስፈርት «በእርግጠኝነት አጠገብ» ያለውን ደረጃ ያሟላል። የመጨረሻው ማረጋገጫ የአንጎል ሥጋ ምርመራ ነው፤ አልተደረገም። በጀርባ ፈሳሽ ውስጥ የተጣመመውን ፕሮቲን እያባዛ የሚለየው አርቲ-ኩዊክ የተባለው ምርመራም አልተሠራም።

ሲናፕስ ላይ የሚሆነው

ፕሪዮን ፕሮቲን የማንኛውም ጤነኛ ሰው ንብረት ነው። ትእዛዙ ያለው በ20ኛው ክሮሞሶም ላይ ሲሆን፣ ተዘጋጅቶ ሲያልቅ 210 ገደማ አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ሆኖ በሕዋሱ ውጫዊ ገጽ ላይ በስብ መልሕቅ ይንጠለጠላል፤ በሲናፕስ አካባቢም በብዛት ይገኛል። ሕመሙ የሚጀምረው ይኸው ፕሮቲን ቅርጹን ስቶ ሲታጠፍ ነው። የተጣመመው ጤነኛውን እየነካ በራሱ መልክ ያጣምመዋል። ቫይረስም ባክቴሪያም የለበትም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ስታንሊ ፕሩሲነር ፕሪዮን የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1982 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲያወጣ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። አብዛኛው ሰው፣ 85 ከመቶ ገደማ፣ ሕመሙ የሚይዘው ያለ ምንም የታወቀ መነሻ ነው፤ የተቀረው በአመዛኙ በዘር የሚመጣ ነው።

ለረጅም ጊዜ ጉዳቱን የሚያደርሰው የተጣመመው ፕሮቲን ክምችት ይመስል ነበር። የአይጥ ሙከራዎች ይህን አፈረሱት። ፕሮቲኑን ጨርሶ የማይሠሩ አይጦች በሕመሙ አይያዙም። ከዚህም በላይ በ2003 የታተመ የእንግሊዝ ቡድን ሥራ ሕመሙ ከገባ በኋላ የነርቭ ሕዋሶቹ ፕሮቲኑን መሥራት እንዲያቆሙ አደረገ፤ በዙሪያቸው ባሉት ሌሎች ሕዋሶች ላይ ክምችቱ እየጨመረ ሲሄድ አይጦቹ ግን አልታመሙም፤ አንጎላቸው ላይ ጀምሮ የነበረው ስፖንጅ መሰል መቦርቦርም ተመለሰ። እንግዲህ ክምችቱ አለ፣ ሕመሙ የለም ማለት ነው። ጉዳቱ የሚያልፈው በነርቩ በራሱ ገጽ ላይ ባለው ጤነኛ ፕሮቲን በኩል ነው።

የት ነው የሚያልፈው? በ2016 የታተመ ሥራ ከታመሙ አይጦች አንጎል የተጣራውን ጠማማ ፕሮቲን በሳህን ላይ በሚያድጉ የሂፖካምፐስ (ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል) ነርቮች ላይ ጨመረ። በ24 ሰዓት ውስጥ ዴንድራይት በሚባሉት የነርቭ ቅርንጫፎች ላይ ያሉት፣ ስፓይን የሚባሉት ጥቃቅን ጉጦች ተሸበሸቡ። ሕዋሶቹ ግን አልሞቱም። ጤነኛው ፕሮቲን የሌላቸው ነርቮች ጉጦቻቸው እንዳሉ ቀሩ። ስፓይን ማለት መልእክቱን የሚቀበለው የሲናፕስ ወገን ነው፤ ጉጡ ሲሸበሸብ መልእክቱ ይቋረጣል። በሌላ በኩል፣ ኤምኢ7 በተባለው የስክሬፒ (የበግ የፕሪዮን ሕመም) ዝርያ በታመሙ አይጦች ላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየው መልእክት የሚልከው ጫፍ ሲበላሽ ነው፤ የተቀባዩ ወገን ሽፋን የሚበሰብሰውን ጫፍ እየከበበ ይጠቀልለዋል። ማይክሮግሊያ የተባሉት የአንጎል ጠራጊ ሕዋሶች ሲናፕሱን እንደሚበሉት ብዙዎች ይገምቱ ነበር፤ በዚህ ዝርያ ግን ነርቮቹ ራሳቸው ሲሠሩት ታየ።

ጊዜውን በሚገባ ያሳየው በ2012 የታተመው ሥራ ነው። ከተወጉ በኋላ በ12ኛው ሳምንት የሚሞቱ አይጦች ላይ የሲናፕስ ቁጥር መቀነስ የጀመረው በ7ኛው ሳምንት ነው። በ9ኛው ሳምንት ነርቮቹ የተጣመመ ፕሮቲን ሲበዛባቸው የሚያበሩት የመከላከያ ሥርዓት አዲስ ፕሮቲን መሥራትን ዘጋ። ሲናፕስ ሳይታደስ የማይኖር ነገር ነው፤ ፕሮቲኑ ሲቋረጥበት በድንገት ወደቀ። የነርቮቹ ሞት የታየው ከዚያ በኋላ፣ በ10ኛው ሳምንት ነው። በዚያ መጀመሪያ ዘመን አይጦቹ የሚያሳዩት የመጀመሪያ ምልክት ምንድን ነው? ጉድጓድ መቆፈራቸውን ይተዋሉ። ማንም ሳያዝዛቸው የሚሠሩትን ሥራ ይተዋሉ። በ2007 የታተመው ሥራ እንዳሳየው በዚያ ሰዓት ፕሮቲኑ ከነርቮቹ ቢወገድ መቆፈሩም የማስታወስ ችሎታውም ይመለሳል። ነርቮቹ ከሞቱ በኋላ ግን የሚመለስ ነገር የለም።

አይጥ ሰው አይደለችም፤ ሳምንቱን በሰው ላይ መቁጠር አይቻልም። ቢሆንም እኚህ እናት በኅዳር እንዝርታቸውን ሲተዉ ሕመሙ የነበረበትን ደረጃ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ከዚህም የምርመራዎቹ ጠባይ ይገለጣል። ሲቲ ስካን የሚያየው የአንጎሉን መጠንና ውፍረት ነው፤ ሲናፕስ ሲጠፋ የአንጎሉ መጠን ወዲያው አይቀንስም፣ ስለዚህ «ደህና ነው» ይላል። ዲፊዩዥን ኤምአርአይ ግን የውኃን እንቅስቃሴ ይለካል። በነርቭ ክሮችና በሲናፕስ ጫፎች አካባቢ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲፈጠሩ ውኃው በውስጣቸው ይታገታል፤ የታገተው ውኃ ነው በፎቶው ላይ ያበራው። 14-3-3 የተባለው የጀርባ ፈሳሽ ምልክት ደግሞ ነርቮች ሲፈርሱ የሚፈስ ነገር ነው፤ በስትሮክና በአንጎል ብግነትም ይወጣልና ብቻውን አይታመንም።

የረዳውና ያልረዳው

መንዘርዘሩን የቀነሰው ክሎናዜፓም ነው፤ በማታ 0.5 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ 1 ሚሊ ግራም ደረሰ። ከዚያ በላይ ሲሞከር እንቅልፉ በዝቶ መዋጥ ስለተሳናቸው ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሃሎፔሪዶል በመቋረጡ ግትርነቱ በከፊል ላላ። የሌሊቱን ጭንቀት ከመድኃኒት ይልቅ የቀነሰው ክፍሉ ጸጥ ማለቱ ነው፦ በሩ ላይ ጨርቅ ታሰረ፣ ሬዲዮው ወጣ፣ ጠያቂ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ እንዳይገባ ተደረገ። ከመንካት በፊት «እምዬ፣ እኔ ነኝ» ማለት መንዘርዘሩን ይቀንሰዋል።

አመጋገቡ ቀና ብለው ተቀምጠው፣ አጥሚት በማንኪያ፣ አገጫቸው ዝቅ ብሎ ነበር። ውኃ ብቻውን ወደ ሳንባ በቀላሉ ስለሚሄድ ቀጭን መጠጥ ቀረ። በየ2 ሰዓቱ ጎን መቀየር የአልጋ ቁስልን ከለከለ፤ ይህን ሁሉ የሠሩት ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ናቸው፣ በሚገባም ሠርተውታል። የአፍንጫ ቱቦ ቤተሰቡ ከተመካከረበት በኋላ አልገባም። ሐኪሞቹም ውሳኔውን ደግፈዋል፤ ትክክል ነበር ብለን እናምናለን።

ሕመሙን የሚያቆም ምንም አልተገኘም፤ የትም አገር የለም። ኩዊናክሪንና ዶክሲሳይክሊን በሰው ተሞክረው ዕድሜ አላራዘሙም። በአይጦቹ ላይ የፕሮቲን ምርቱን መልሶ የከፈተው ውሁድ ነርቮቹን ቢያድንም ቆሽትን ስለጎዳ ለሰው አልበቃም። አሁን በሰው ላይ እየተሞከረ ያለው ጤነኛውን ፕሪዮን ፕሮቲን ከምንጩ የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ መነሻውም ከላይ የተገለጸው የ2003 ግኝት ነው።

የቤተሰቡ ጥያቄ

በመንዝ ጓሳ ዙሪያ በግ የማያረባ ቤት የለምና መጀመሪያ የተጠየቀው «ከበጉ ነው ወይ?» የሚል ነበር። የበግ ስክሬፒ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን ወደ ሰው ተላልፎ ክሮይትስፌልት-ያኮብ እንዳመጣ የሚያሳይ የወረርሽኝ ጥናት የለም። ወደ ሰው መተላለፉ የተረጋገጠው «የእብድ ላም በሽታ» የሚባለው የከብቱ ሕመም ነው፤ ያም በ1986 እንግሊዝ ውስጥ ተለይቶ በ1996 ከአዲስ የሰው ሕመም ጋር ተያይዟል፤ ያ የሰው ሕመም በአመዛኙ ወጣቶችን የሚይዝና ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። የእኚህ እናት ሁኔታ ከዚያ ጋር አይሄድም። የእንስሳት ሐኪሞች ግን በግ ቆዳውን እያፋተገ፣ እየተወላገደና እየከሳ ሲሞት አንጎሉን ማስመርመር አለባቸው። በ2018 በአልጄሪያ በግመሎች ላይ የፕሪዮን ሕመም መታወቁ ከአፋር ጋር ለሚዋሰን አካባቢ ይህን የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ መተላለፉ ነበር። አንዲት ጎረቤት ሰሃናቸውን ለይታ አስቀምጣ ነበር። ሕመሙ በትንፋሽ፣ በመሳም፣ አብሮ በመብላት፣ በልብስ አይተላለፍም፤ ይህ ለጎረቤቶቹም በግልጽ ተነገረና ሰሃኑ ተመለሰ። አስከሬኑ አልተከፈተምና በጓንት ታጥቦ እንደ ወጉ ተገንዞ ተቀበረ። ልዩ ሣጥንም ሆነ ኖራ አላስፈለገም።

ጥንቃቄው የአንጎል፣ የጀርባ ፈሳሽና የዓይን ሥጋ ላይ ነው። ለጀርባ ፈሳሽ የሚጣል መርፌ ተጠቅሞ ማቃጠል። የፈሰሰ ፈሳሽ ላይ 20,000 ፒፒኤም ክሎሪን ለ1 ሰዓት፤ 5 ከመቶ በረኪና ከሆነ ሁለት እጅ በረኪና ከሦስት እጅ ውኃ ጋር ማለት ነው። አልኮልና ፎርማሊን ፕሪዮንን አያጠፉም፤ እንዲያውም ፕሮቲኑን ያጣብቁታል። የአንጎል ቀዶ ሕክምና መሣሪያ ከሆነ በ1 ኖርማል (1N) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለ1 ሰዓት ተዘፍዝፎ በአውቶክሌቭ (በግፊት በታፈነ እንፋሎት) በ134 ዲግሪ ለ18 ደቂቃ ይቀቀላል፤ መጣል ከተቻለ ግን መጣሉ ይሻላል። መሣሪያው ከመታጠቡ በፊት እንዳይደርቅ ማድረግም ያስፈልጋል።

ለሌላ ጉዳይ የሚያገለግለው

ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው አእምሮው በሳምንታትና በወራት ሲፈርስ ቤተሰቡን መጠየቅ ያለበት «መቼ መርሳት ጀመሩ?» ተብሎ አይደለም። «ሳይታዘዙ የሚሠሩትን ሥራ መቼ ተዉት?» ተብሎ ነው። ፈትል፣ ዳዊት መድገም፣ ቡና ማፍላት፣ ከብት መቁጠር ይሆናል፤ መልሱ ሕመሙን ብዙ ጊዜ በወር ወይም በሁለት ወር ወደ ኋላ ይወስደዋል።

ገንዘቡ ለአንድ ፎቶ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ የጭንቅላት መመታት ወይም ድንገተኛ የግማሽ አካል ስንፈት እስከሌለ ድረስ፣ ሲቲው ቀርቶ ዲፊዩዥን ያለው ኤምአርአይ ይታዘዝ። ቤተሰቡ ሁለቴ እንዳይከፍል ይህን በመጀመሪያው ቀን መወሰን ይሻላል። ድንገት እጅ በማጨብጨብ መንዘርዘሩን መፈተን ዋጋው ምንም ነው፣ ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም፤ በእኚህ እናት ላይ ግን ከየካቲት በፊት ያደረገው አልነበረም። በሪፈር ወረቀቱ ላይ ምልክቶቹ የጀመሩበት ወርና ቅደም ተከተል፣ የተሰጡ መድኃኒቶች፣ በቤተሰቡ ተመሳሳይ ሕመም የነበረው ሰው መኖር አለመኖሩ ይጻፍ፤ የመጨረሻው በዘር የሚመጣውን ዓይነት ለመለየት ነው። ሲቲው ንጹህ ከሆነም «ሲቲው ደህና ነው» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፤ «ሲቲው ዕጢና የደም መፍሰስ አላሳየም፣ ሕመሙ ግን እየገፋ ነው» ተብሎ ይጻፍ።